ዳቦው ነው ወይስ ሽንኩርቱ? የግሉተን አለመስማማትንና አይ.ቢ.ኤስን ለመለየት

ለሁለት ዓመት ያህል ዳቦ አልበላሁም። ከምሳ በኋላ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቁርጠት ይዞኝ ሁለት ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት እመላለሳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ለቀናት ድርቀት። የቢሮ ባልደረባዬ «ግሉተን ነው፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» አለችኝና ስንዴ የነካውን ሁሉ ተውኩ። እውነትም ቀለል አለኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። አንዲት ፍርፋሪ ስንዴ አልቀመስኩም፤ የምበላው እቤት የተጋገረ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ በምስርና በክክ ወጥ ነበር። ግሉተን በሌለበት ማዕድ ላይ ግሉተን እንዴት ያሳምመኛል?

«ዳቦ ትቼ ተሻለኝ፣ ስለዚህ ግሉተን ነው» የሚለው ድምዳሜ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን ብቻ አይደለም። ፍሩክታን የሚባል፣ አንጀታችን ሊፈጨው የማይችል የስኳር ሰንሰለትም አለ። ይኸው ፍሩክታን በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ዳቦ የተወ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የተወው፤ የትኛው እንደጎዳው የሚያውቀው ለይቶ ሲሞክር ነው። መለየቱ ደግሞ ለስም ያህል አይደለም። አንደኛው መንገድ፣ የግሉተን አለመስማማት፣ ከስንዴና ከገብስ ያርቅዎታል፤ ሌላኛው፣ አይ.ቢ.ኤስ የሚባለው የአንጀት አሠራር መዛባት፣ ከወጥዎ ቁሌትና ከሽሮዎ። ያልሆነውን የመረጠ ሰው የሚወደውን ምግብ አጥቶ ሕመሙን ይዞ ይቀራል። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን የጻፍኩት እኔ የባከንኩትን ሁለት ዓመት ሌላ ሰው እንዳይባክን ነው።

ስማቸውን እንለይ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ሲለወስ እንደ ላስቲክ የሚሳበው በእሱ ምክንያት ነው። ከነዚህ እህሎች ጋር የሚያያዙት ሕመሞች ሦስት ሆነው ሳለ እኛ ሁሉንም «ግሉተን አይስማማኝም» እያልን እንደባልቃቸዋለን።

ከሁሉም የከበደው ሲሊያክ ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ ቀጭን አንጀቱን ያጠቃል። ከምግብ ውስጥ ንጥረ ነገሮችን የሚቀበሉት ጣት መሰል ጥቃቅን እጥፋቶች ይከስማሉ፤ ብረትና ካልሲየም በሚገባ ወደ ደም መግባታቸው ይቀንሳል፣ የደም ማነስና የአጥንት መሳሳት ይከተላል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል፤ ብዙዎቹ እንዳለባቸው አያውቁም። ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን ያሳየው ቪለም ዲከ የሚባል የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ስንዴ ሲወገድላቸው ሕፃናቱ እንደሚያገግሙ አሳየ።

ሁለተኛው የስንዴ አለርጂ ነው። ይኼ ከበሉ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሽፍታ፣ የከንፈር ማበጥ፣ አንዳንዴም የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ትንፋሽ ካጠረ ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ከአይ.ቢ.ኤስ ጋር የመምታታት ዕድሉ ትንሽ ስለሆነ እዚሁ እተወዋለሁ።

ሦስተኛው ሲሊያክ ያልሆነ የግሉተን አለመስማማት ይባላል። የሲሊያክ የደም ምርመራ ንጹሕ ነው፣ አንጀቱም አልተጎዳም፤ ነገር ግን ሰውየው ዳቦ ወይም ፓስታ በበላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሆዱ ይነፋል፣ ይቆርጠዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ሐሳቡ ይጨፈግግበታል፣ መገጣጠሚያው ይጠዘጥዘዋል። ይህን ሕመም የሚያረጋግጥ የደምም ሆነ የሰገራ ምርመራ እስካሁን የለም። ከአይ.ቢ.ኤስ ጋር የሚምታታው ይኼኛው ነው።

አይ.ቢ.ኤስ፣ በሙሉ ስሙ ኢሪተብል ባወል ሲንድሮም፣ እኔ ለራሴ «ቁጡ አንጀት» የምለው ሕመም ነው። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ቢታይ አንጀቱ ላይ ቁስል የለም። የተዛባው አሠራሩ ነው፦ እንቅስቃሴው ወይ ይፈጥናል ወይ ይዘገያል፣ ከአእምሮ ጋር የሚነጋገርበት ነርቭም ከልክ በላይ ይሰማዋል። ሌላው ሰው ልብ የማይለው ትንሽ ጋዝ ለባለ ቁጡ አንጀት ሕመም ይሆናል። «ምንም የለብህም» ተብለው ከክሊኒክ የተመለሱ ሰዎች ይህን ይወቁልኝ፦ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ መለያ መስፈርትም አለው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮም መስፈርት የሚለው እንዲህ ነው፦ ላለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የሆድ ሕመም መኖር፤ ሕመሙም ከመጸዳዳት ጋር መያያዝ፣ የመጸዳዳት ብዛት መለወጥ፣ የሰገራው ቅርጽ መለወጥ ከሚሉት ሦስት ነገሮች ከሁለቱ ጋር መገጣጠም፤ የመጀመሪያው ምልክት ከታየም ቢያንስ ስድስት ወር ማለፉ። አንዳንዱ ተቅማጥ ያመዝንበታል፣ አንዳንዱ ድርቀት፣ እኔን መሰሉ ሁለቱ ይፈራረቁበታል።

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ ነው። በምግብ መመረዝ ወይም በተቅማጥ በሽታ ከታመሙ ሰዎች ከ10 አንዱ ያህል ኢንፌክሽኑ ከዳነ በኋላ አይ.ቢ.ኤስ ይተርፈዋል። የእኔም ከአንድ ክፉ ተቅማጥ በኋላ እንደመጣ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ምልክት ብቻውን አይለያቸውም

ሁለቱም ሆድ ይነፋሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ያስቀምጣሉ ወይም ያደርቃሉ፣ ያደክማሉ። አንዳንድ ፍንጮች ግን አሉ። ሕመሙ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ የሚቀልልዎት ወይም የሚብስብዎት ከሆነ፣ በፈተና፣ በመንገድ፣ በሐዘን ወይም በጠብ ሰሞን የሚነሳ ከሆነ ወደ አይ.ቢ.ኤስ ያደላል። ራስ ምታቱ፣ ድካሙና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ከሆዱ ባልተናነሰ የሚያስቸግርዎት፣ ያውም ስንዴ በበሉ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የግሉተን ጥርጣሬው ይጠነክራል። እኔ በነዚህ ፍንጮች ላይ ብቻ ውሳኔ እንዲሰጥ አልመክርም። አይ.ቢ.ኤስ ያለበትም ሰው ይደክመዋል፤ ግሉተን የማይስማማውም ሰው ይጨነቃል። እውነተኛው መለያ ሳህኑ ላይ ነው።

የጤፍ እንጀራው ፈተና

እዚህ ላይ እኛ ሌላው ዓለም የሌለው ዕድል አለን። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለበትም። ስለዚህ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ሳያውቀው ግሉተን አልባ ምግብ እየበላ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ንጹሕ ጤፍ በሽሮ በልተው ልክ እንደ ዳቦው ይነፋዎታል? ከሆነ ግሉተንን መክሰስ አይቻልም። ሽሮ ውስጥ ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ አለ፤ የጥራጥሬ ስኳሮች እንደ ፍሩክታን ሁሉ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፣ እዚያ ባክቴሪያ ያፈላቸዋል፣ ጋዝ ይሆናሉ፣ ውኃም ይስባሉ። ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው ነጭ ሽንኩርት፣ ሲሠራ የተቁላላው ቀይ ሽንኩርት ይጨመርበታል። ሽንኩርቱ እስኪቀልጥ መቁላላቱ ፍሩክታኑን አያጠፋውም።

በተቃራኒው ጤፍ በሽሮ ምንም ሳይልዎት በዚያው ሳምንት ዳቦ፣ በሶ ወይም ፓስታ ሲበሉ ብቻ የሚታመሙ ከሆነ፣ የግሉተኑ መንገድ መሄድ ያለበት መንገድ ነው።

ፈተናው የሚሠራው እንጀራው በእውነት ጤፍ ብቻ ሲሆን ነው። ሠርገኛ ጤፍ ራሱ ጤፍ ነው፣ አያሳስብም። የሚያሳስበው ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት ነው፤ አሜሪካና አውሮፓ በሱቅ የሚሸጥ እንጀራ ውስጥ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት መግባቱ የተለመደ ስለሆነ ማሸጊያውን ማንበብ፣ ጋጋሪዋንም መጠየቅ ያስፈልጋል። አረብ አገር ያላችሁና እንጀራ እንደልብ የማታገኙ ደግሞ ኹብዙን በሩዝ ለውጣችሁ፣ ሽንኩርቱንና ጥራጥሬውን እንዳለ ትታችሁ ሞክሩት።

ይህ የወጥ ቤት ፈተና ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። በሜልበርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሊያክ በሌለባቸው ሰዎች ላይ ግሉተን ሕመም እንደሚቀሰቅስ የሚያመለክት ጥናት አወጡ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በራሳቸው ውጤት ሳይረኩ በ2013 እንደገና ሞከሩ፤ አሁን ግን መጀመሪያ ከ37 ታካሚዎች ምግብ ላይ ፍሩክታንንና መሰሎቹን ቀነሱ። ሁሉም ተሻላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግሉተን በድብቅ ሲጨመርላቸው በግሉተኑ ምክንያት የተለየ ነገር አልታየም። በ2018 ደግሞ ኦስሎ ውስጥ ግሉተን አይስማማንም ብለው ስንዴ ለተዉ 59 ሰዎች ግሉተን ያለበት፣ ፍሩክታን ያለበትና ሁለቱም የሌለበት ምግብ ሳይነገራቸው በተራ ተሰጠ። ይበልጥ ያሳመማቸው ፍሩክታኑ ነበር። የራሱን ግኝት መልሶ የሚፈትን ተመራማሪ ሳይ ልቤ ይሞላል፤ እኛም በሆዳችን ጉዳይ እንዲሁ ብናደርግ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ይህ ማለት ግሉተን የማይስማማው ሰው የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ግን እንደዚያ ነኝ ብሎ ከሚያምነው ሰው ቁጥር በጣም ያነሰ ነው።

ዳቦ ከመተውዎ በፊት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ የሲሊያክ የደም ምርመራ ሳያደርጉ ስንዴ አይተዉ። ቲቲጂ አይጂኤ የሚባለው ምርመራ የሚያየው ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ በገዛ ራሱ ኢንዛይም ላይ የሚያወጣውን፣ አይጂኤ ከሚባለው ዓይነት የሆነ ፀረ አካል ነው። ግሉተን ካቆሙ ፀረ አካሉ ይቀንሳል፣ አንጀቱም ያገግማል፣ ምርመራው «ምንም የለም» ይላል። በሽታው ግን አለ። ከምርመራው ጋር አጠቃላይ የአይጂኤ መጠንም እንዲታይ ይጠይቁ፤ በተፈጥሯቸው አይጂኤ ያነሳቸው ሰዎች ሲሊያክ እያለባቸው ውጤታቸው ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ደሙ ካመለከተ በኢንዶስኮፒ ከቀጭኑ አንጀት ናሙና ይወሰዳል።

እንደ እኔ አስቀድመው ያቆሙ ሰዎች ምን ያድርጉ? የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ላይ ግሉተን መብላት ያስፈልጋል ይላል። እኔ ያንን ስድስት ሳምንት አልፌዋለሁ። አስቸጋሪ ነበር፤ ግን ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ሲሊያክ ካለበት፣ የደም ማነስ ካለብዎት ወይም ልጅዎ ማደግ ካቆመ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። ሲጀምሩ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

ሌላ በሽታ እንዳይደበቅ

እኛ አገር ሆዱን ያመመው ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» ይላል፤ ኦሜፕራዞል ለወራት እየዋጠ ይከርማል። ጨጓራ የሚያመው ከእምብርት በላይ ነው፤ ከመጸዳዳት ጋር የሚያያዝ የእምብርት ዙሪያና የታችኛው ሆድ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንጀት ነው። ጃርዲያ ደግሞ ሁለቱንም በደንብ ይመስላል፦ መነፋት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ጋዝ፣ የሚመላለስ ተቅማጥ። ከዳነ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ወተት እንዳይስማማ ሊያደርግ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ፣ ወይም በቅርቡ ደርሰው ከተመለሱ፣ የሰገራ ምርመራው ከአመጋገብ ለውጥ ሁሉ መቅደም አለበት።

ሰገራ ላይ ደም ካዩ፣ ሳይፈልጉ ክብደትዎ ከቀነሰ፣ ተቅማጡ ከሌሊት እንቅልፍ ከቀሰቀስዎት፣ ትኩሳት ካለ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ ሕመሙ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመረ ከሆነ ወይም ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ዘግተው ሐኪም ጋ ይሂዱ። እነዚህ የአይ.ቢ.ኤስም የግሉተን አለመስማማትም ምልክቶች አይደሉም።

ሁለቱ መንገዶች

ሲሊያክ አለመኖሩ ተረጋግጦ ጥርጣሬው ግሉተን ላይ ከሆነ፣ ለስድስት ሳምንት ግሉተንን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ። ስንዴ ብቻ አይደለም። ገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ የተሠራ ቅንጬ፣ የስንዴ ጨጨብሳ፣ አምባሻ፣ በብቅል የተጠመቀ ጠላ፣ ቢራ፣ የአኩሪ አተር ሶስም ሳይቀር። የሚቀርዎት ሰፊ ነው፦ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ ድንች። ካልተሻለዎት መንገዱ የእርስዎ አይደለም፣ ይተዉት። ከተሻለዎት መልሰው ይብሉና ሕመሙ እንደተመለሰ ይዩ፤ ይህ መልሶ መብላት ሰው ሁሉ የሚዘለው ደረጃ ነው፣ ያለ እሱ ግን ምንም አልተረጋገጠም። ቢረጋገጥም እንደ ሲሊያክ አይደለም፤ ብዙዎች ትንሽ መጠን ይችላሉ፣ የአቅማቸውን ልክ ፈልገው ያገኛሉ። ሲሊያክ ያለበት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ፍርፋሪ እንኳ መራቅ አለበት፦ እርሾው ከምን እህል እንደመጣ፣ ምጣዱና ወንፊቱ የስንዴ ዱቄት ነክቶት እንደሆነ ይጠይቃል። አሜሪካም አውሮፓም «ግሉተን አልባ» ብሎ ለመሸጥ የሚፈቀደው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ነው። ስለ ቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ደግሞ ከንስሐ አባት ጋር ቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ጥርጣሬው አይ.ቢ.ኤስ ላይ ከሆነ በቀላሉ ይጀምሩ፦ በሰዓቱ መብላት፣ መራመድ፣ በርበሬውን ማለዘብ። የእንግሊዙ መመሪያ ሻይና ቡና በቀን ከሦስት ስኒ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ድረስ ይፈቀዳል ማለት ነው። ጋዝና መነፋት ለሚያስቸግረው ይኸው መመሪያ ተልባን በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይጠቅሳል፤ እናቶቻችን ከኛ ቀድመው ያውቁት ነበር። ብዙ ውኃ ይጠጡበት።

ይህ ካልበቃ እንደ ፍሩክታን ያሉ አንጀት ውስጥ የሚፈሉ ስኳሮችን የሚቀንስ፣ ፎድማፕ የሚባለው አመጋገብ አለ፤ ከሞናሽ የወጣ ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ማር፣ አፕል፣ ማንጎና አቮካዶ ይቀራሉ፤ ከጁስ ቤት የሚጠጡት የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ ሆድዎን የሚያስጮኸው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያሳምም ይለዩታል። ዕድሜ ልክ የሚጾሙት አመጋገብ አይደለም፤ ማቆሚያ ካላበጁለት ለምግብ እጥረት ይዳርጋል። ከቻሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይርዳዎት።

ወጥ ያለ ሽንኩርት እንዴት ይሆናል የሚለው እኔንም አስለቅሶኛል። ያገኘሁት ዘዴ ይኼ ነው። ፍሩክታን በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ለዘብ ባለ እሳት አሙቄ አውጥቼ እጥለዋለሁ፣ ጣዕሙ ዘይቱ ላይ ይቀራል። ዝንጅብልና እርድ እጨምራለሁ። በቀይ ሽንኩርት ፈንታ የቅጠላማ ሽንኩርት አረንጓዴውን ክፍል ብቻ እከትፋለሁ። በካሮት፣ በድንችና በቆስጣ የተሠራ አልጫ ሰላም ይሰጠኛል። በጾም ወራት ምስሩን ዘፍዝፌ አሳድሬ ውኃውን ደፍቼ፣ በትንሽ ጭልፋ ብቻ እበላዋለሁ።

ሆዱ በጭንቀት የሚነሳበት ሰው በምግብ ብቻ አይድንም። ለአንጀት ተብሎ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ የፔፐርሚንት ዘይት እንክብል፣ ተቅማጥ ላስቸገረው ሎፔራሚድ፣ ነርቩን ለማረጋጋት ደግሞ በትንሽ መጠን የሚታዘዝ አሚትሪፕቲሊን አለ። ሐኪሙ የመጨረሻውን ሲያዝልዎት «አእምሮህ ታሟል» ማለቱ አይደለም፤ የአንጀቱን ነርቭ ለማለዘብ ነው፣ መጠኑም ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ፦ ምን በሉ፣ በስንት ሰዓቱ አመመዎት፣ ሰገራው ጠጠር ነበር ወይስ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ቀለለዎት ወይስ ባሰብዎት፣ እንጀራው ጤፍ ብቻ ነበር ወይስ ድብልቅ። እኔ ያንን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ባስቀመጥኩ ዕለት ሐኪሟ ሦስት ገጽ አንብባ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ሽንኩርት ትተሽ ታውቂያለሽ?»